በኡሙሀኒ ጣራ ላይ የወጣው ጽጌረዳ

ብርነሽ ከአሥር ዓመት በላይ ጽጌረዳ ስትነካ ኖራለች፤ አንድም ቀን ግን ጎንበስ ብላ አሽትታ አታውቅም። ጊዜውም አልነበራት። ደግሞም አበቦቹ የሚሸት ነገር አልነበራቸውም። ከሱሉልታ ወዲያ ባለው የአበባ እርሻ የሚበቅሉት ጽጌረዳዎች ባሕር ተሻግረው ሩቅ አገር እስኪደርሱ እንዳይረግፉ ተብለው የተመረጡ ናቸው። መልክ እንጂ ጠረን የላቸውም።

የእሷ ሥራ ማሸጊያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹ እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘ ነው። ብርነሽ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ እጇን በቆዳ ጓንት ሸፍና፣ ከፊቷ የሚፈሰውን አበባ በቁመቱ ትለያለች። ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ከአጭሩ። አንገቱ የጎበጠ ወይም ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ካገኘች ወደ ጎን ትወረውረዋለች። ዓይኗ ከመልመዱ የተነሳ ሳታስበው ትሠራዋለች። «ያን ሁሉ አበባ እያየሽ መዋል እንዴት ደስ ይላል!» የሚላት ሰው ሲያጋጥማት ትስቃለች።

«ለኔ እንደ ሽንኩርት ነው፤» ትላለች። «ሽንኩርት እንኳ ያስለቅሳል።»

ቤቷ እንጦጦ ሥር ካለችው ቁስቋም ማርያም ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። እዚያው ነው የተወለደችው፤ አባቷ ገብስ ይዘሩበት የነበረው መሬት ዛሬ ቤት በቤት ሆኗል። ልጆቿ አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሷና ባሏ ጃለታ ናቸው። ጃለታ ግንበኛ ነው፤ ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል፤ ንግግሩም እንደ ድንጋይ ቁጥብ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ኡሙሀኒ አለች። ኡሙሀኒ በልጅነቷ ከወሎ መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ሱቋን በመንገድ በኩል ከፍታ ከጓሮ የምትኖር ሴት ናት። የሱቋ ቆርቆሮ ጣራ ዝቅ ብሎ የብርነሽን አጥር ሊነካ ምንም አይቀረው። ሁለቱ ሴቶች ጨው ሲያልቅ የሚጠራሩት በዚያ አጥር ላይ ነው።

ነገሩን የጀመረችውም ኡሙሀኒ ናት።

«አንቺ ብርነሽ፤» አለቻት አንድ ቀን፤ «ያን ሁሉ አበባ ለፈረንጅ ስታሽጊ ውለሽ ለጎረቤትሽ አንዲት ግንድ አታመጪም? ቀይ ጽጌረዳ ነው የምፈልገው። ደጄ ላይ ሳየው ልቤ ይከፈት።»

አጋጣሚ ሆኖ በዚያ ሰሞን እርሻው ያረጁትን ተክሎች እየነቀለ በአዲስ ሊተካ ነበር። የተነቀለው ከላስቲክ ቤቱ ውጭ ተከምሮ እሳት ይጠብቃል። ብርነሽ አለቃዋን ጠይቃ ሥሩ ደህና የሆነ አንድ ግንድ መረጠችና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ይዛ ወጣች። የሠራተኛው ሰርቪስ ውስጥ እሾሁ ከረጢቱን በስቶ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት ወጋት፤ አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። «ማገዶ ነው ወይስ ሙሽራ?» አሏት።

ቦታው ጠቦ ስላስቸገረ ከኡሙሀኒ ደጅ ይልቅ አጥሩ ሥር፣ ከብርነሽ በኩል ተተከለ። ያዘ። ሁለት ቀይ አበባ አወጣ። ኡሙሀኒ በስልኳ አንስታ ኮምቦልቻ ላለች እህቷ ላከች።

ኅዳር ላይ ግን ውርጭ ወረደ። ቁስቋም ብርድ ብርቁ አይደለም፤ የዚያ ዓመቱ ግን የተለየ ነበር። የዳገቱ ድንች በሙሉ በእሳት የተለበለበ መሰለ። ጽጌረዳው ጠቆረ፤ ቅጠሉ ተጨማደደ፤ ግንዱን ሲነኩት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ኡሙሀኒ ከንፈሯን መጠጠች።

«የሰው አገር ነገር ብርድ አይችልም፤» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም አላስታወሰውም። የበልግ ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምር ግን ብርነሽ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አንድ ነገር አየች። ከደረቀው ግንድ ሳይሆን ከሥሩ፣ ከአፈሩ ውስጥ፣ ቀይ ቀንበጥ ብቅ ብሏል። በሳምንቱ ቁመቱ ስንዝር አለፈ። ከጎኑ ሌላ ወጣ፤ ከዚያም ሌላ። ደስ አላት፤ ቀዩ ጽጌረዳ ከሞት የተነሣ መሰላት። ነገር ግን ቅጠሉ እየተዘረጋ ሲሄድ ግራ ገባት። ይህን ሁሉ ዓመት ያየችው የጽጌረዳ ቅጠል ሰፋ ያለና ወፍራም ነው፤ ይኸኛው ቀጠን ያለ፣ ብዛት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ነው። እሾሁም እንደ ድመት ጥፍር ቆልመም ያለ ነው። ግንዱ እንደዚያኛው ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ረዝሞ ይታጠፍና የያዘውን ይዞ ይወጣል።

ጃለታ አንድ ጊዜ ብቻ አየውና ፍርዱን ሰጠ። «ቀጋ ነው።»

ቀጋን ማን ያጣዋል? እንጦጦ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የሚበቅል፣ ነጭ አበባ አብቦ ቀይ ፍሬ የሚያፈራ፣ ልጅ ሁሉ አፉ እስኪቀላ የሚበላው ቁጥቋጦ ነው።

«ጽጌረዳ ተክዬ እንዴት ቀጋ ይበቅልብኛል?» አለች ብርነሽ።

«ወፍ ዘርታው ነው። ንቀይው፤ እዚያ ላይ የድንጋይ አጥር ልሠራ ነው።»

«እስኪ አበባውን ልየውና።»

አበባውን ግን አላየችም። እርሻው ላይ ሲደረግ እንዳየችው፣ ዓመት በመጣ ቁጥር መቀሷን ይዛ እስከ ጉልበቷ ዝቅ አድርጋ ትገርዘዋለች። እሱም በክረምቱ ተመልሶ ከቁመቷ በላይ ይሆናል። ቅጠል ነው፤ እሾህ ነው፤ እምቡጥ የሚባል የለውም። አንድ ጊዜ ጃለታ ትዕግሥቱ አልቆ ዶማ አነሣ። ሥሩ ከትልቅ ቋጥኝ ሥር ገብቶ ነበርና የተሰበረው ዶማው ነው። ጃለታ እጀታውን ይዞ ቆመና ጥቂት አየው።

«ይሄ ነገር ለምን መኖር እንዲህ ፈለገ?» አለ፤ ለማንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ስለ መንቀል አላነሣም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ብርነሽ ወደቀች። ከአስፋልቱ ወደ ቤቷ የሚያወጣው ቀጭን መንገድ በጭቃ ተለቅልቆ ነበር፤ እግሯ ከዳትና በቀኝ እጇ ተደገፈች። አንጓዋ ተሰበረ። ሆስፒታል ጀሶ አሰሩላት። ጀሶው ሲፈታም እጇ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ብርድ ሲነካው ያንገበግባታል፤ መቀስ መጨበጥ አልቻለችም። ቤት ዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራ የኖረች ሴት ቀን ቀን ቤት መዋል ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ጊዜ አወቀች።

ተክሉን የሚቆርጠው ጠፋ። ጃለታ ሩቅ ሥራ ይዞ ደክሞ ነው የሚገባው። ተክሉም የልቡን አገኘ፤ አጥሩን ተሻገረ፤ የኡሙሀኒን ቆርቆሮ ያዘ፤ ጣራው ላይ እጅና እግሩን ዘርግቶ ተኛ።

«ጣራዬን ሊበላው ነው፤» አለች ኡሙሀኒ።

«እጄ ሲሻለኝ እቆርጠዋለሁ። ታገሺኝ።»

«እኔ ለተክሉ አይደለም፤ ለቆርቆሮው ነው የማዝነው።» ግን ታገሠች።

የካቲት ሲጋመስ፣ አንድ ማለዳ ብርነሽ ውሃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። ግቢው በአንድ ጠረን ተሞልቷል። ጭስ አይደለም፤ ዕጣንም አይደለም፤ የሳሙናም አይደለም። ጣፋጭ ነው፤ ግን እንደ ማር የሚከብድ አይደለም፤ ውስጡ እንደ ትኩስ ሻይ ቅጠል ያለ፣ እንደ ሎሚ ልጣጭ ያለ ነገርም አለው። ከየት እንደሚመጣ አልገባትም።

«ኡሙሀኒ! ሽቶ ተደፋብሽ እንዴ?»

ከአጥሩ ወዲያ የኡሙሀኒ ድምፅ መጣ። «እኔማ አንቺን ልጠይቅሽ ነበር! ወላሂ ከነጋ ጀምሮ እያሸተትኩ ነው። ብርነሽ ምን ቀን ወጣላት ብዬ።»

ብርነሽ ባልዲውን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ድምፁን ያስተዋለችው፤ ቆርቆሮው ላይ አንድ የማያቋርጥ፣ ዝቅ ያለ ጉምጉምታ አለ። ሩቅ የሚሄድ የከባድ መኪና ድምፅ ይመስላል። ቀና ስትል ከግቢው በኩል የሚታየው የቅርንጫፉ ጀርባ ብቻ ነው። የጃለታን መሰላል ጎትታ አጥሩ አጠገብ ባለው የጣራው ጠርዝ ላይ አስደገፈች፤ በግራ እጇ እየያዘች ወጣች። ጭንቅላቷ ከጣራው ጠርዝ በላይ ሲሆን ቆመች።

ቆርቆሮው የለም። ዝገቱም፣ ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነው ድንጋይም፣ የተቀደደው የላስቲክ ቁራጭም፣ አንዳቸውም የሉም። ያለው አበባ ብቻ ነው። ፈዛዛ ሮዝ፤ ጠርዙ ላይ ደመቅ ያለ፣ ወደ ውስጥ እየነጣ የሚሄድ፣ ቅጠሉ በቅጠል ላይ የተደራረበ፣ እምብርቱ ላይ ቢጫ የሚያበራ። አንዱ ሙሉ ፈክቷል፤ አንዱ ገና ከንፈሩን ይከፍታል፤ አንዱ ረግፎ ቆርቆሮው ላይ ተነጥፏል። በመካከሉ ንቡ አይቆጠርም። ጉምጉምታው እሱ ነው። እጇን ጣራው ላይ ስታሳርፍ ቆርቆሮው ከእጇ ሥር የሚንቀጠቀጥ መሰላት።

በብርነሽ እጅ በሕይወቷ ስንት ጽጌረዳ አልፏል። ሊቆጠር አይችልም። እንዲህ ያለ ግን አይታ አታውቅም። እነዚያ ሁሉ ሳይፈኩ፣ አፋቸውን እንደዘጉ ነበር ተቆርጠው የሚመጡላት። ጽጌረዳ ማንም ሳይቆርጠው፣ በልኩ ሳይለካ፣ ሲከፈት ምን እንደሚሆን አታውቅም ነበር። ጎንበስ ብላ አንዱን አበባ በአፍንጫዋ ነካች። ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን አለ?» አለች ኡሙሀኒ ከታች። «እባብ ነው?»

«ነይ ውጪ።»

«እኔ መሰላል አልወጣም፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።»

«ኡሙሀኒ፣ ነይ ውጪ።»

ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰምታ ነው መሰል፣ ኡሙሀኒ የሱቋን መሰላል አስደግፋ ቀሚሷን ሰብስባ በሌላው ጠርዝ ወጣች። አየች። «ሱብሃን አላህ፤» አለች፤ እጇንም ወደ አንዱ አበባ ዘረጋች።

ወሬው በመንደሩ ለመናኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ቁስቋም ማርያም ተሳልመው የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከመንገዱ ቆመው ቀና ይላሉ። ሱቅ የመጣ ሰው የመጣበትን ይረሳል። ማታ ጃለታ ሱሪው ላይ ሲሚንቶ እንደደረቀ መጥቶ መሰላሉን ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲወርድ እጁ ላይ የረገፈ የአበባ ቅጠል ይዟል።

«ቀጋ አይደለም፤» አለ። «የቀጋ አበባ ነጭ ነው፤ አምስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው። ይሄ... ይሄ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

ብርነሽ ማወቅ ፈለገች። ስሙን ሳታውቀው መተኛት ያቃታት ያህል ሆነ። በማግስቱ አበባና እምቡጥ ያለበትን አንድ ቅርንጫፍ በግራ እጇ ቆርጣ፣ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄደች። ዘበኛው ጠረኑን ሲሰማ ሳይጠይቃት አስገባት። የተቀበለቻት ሀያም የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ጨርቁን ፈታ ቅርንጫፉን ጠረጴዛ ላይ ስታኖረው ፊቷ በራ።

«እትዬ፣ ይሄን ከየት አገኙት?»

«ግቢዬ ነው። ባሌ መጀመሪያ ቀጋ ነው አለ፤ አሁን ደግሞ አይደለም ይላል።»

«ሁለቱንም ጊዜ በደንብ አይተዋል።» ሀያም ይዛት ወጣች። ዳገቱ ላይ፣ ከድንጋዮች መካከል የበቀለ ቀጋ ጋ አደረሰቻትና ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘች። «እሾሁን ይዩት፣ ሁለቱም ቆልማማ ነው። ግንዱም ሁለቱም ታጥፎ የሚወጣ ነው። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ጽጌረዳም ቀጋም። አበባው ነው የሚለያቸው። ቀጋ የዚህ የአገራችን የራሱ ጽጌረዳ ነው። የእርስዎ ግን እንግዳ ነው፤ የሰው እጅ ያመጣው ነው። ማን ተከለው?»

«እኔ። ግን እኔ የተከልኩት ቀይ ነበር። ከአበባ እርሻ ያመጣሁት። በውርጭ ሞተና ይሄ ወጣ።»

ሀያም ዘወር ብላ አየቻት። «የወጣው ከየት ነው? ከግንዱ ነው ወይስ ከአፈሩ?»

«ከአፈሩ።»

«ልመጣ እችላለሁ? ቅዳሜ?»

ቅዳሜ መጣች። ኡሙሀኒ ሱቋን ዘግታ፣ ጃለታም ሥራውን ትቶ ቆመው ያያሉ። ሀያም ተንበርክካ የተክሉን ግርጌ በትንሽ መኮትኮቻ ቀስ እያለች ቆፈረች፤ የመጨረሻውን አፈር በጣቷ ጠራረገችው። ጭብጥ እጅ የሚያህል ጉጥ ወጣ። ከጉጡ በላይ አጭር፣ የጠቆረ፣ የደረቀ ጉማጅ አለ። ከጉጡ በታች ደግሞ እነዚያ ወፋፍራም ሕያው ግንዶች ይነሣሉ።

«ይሄ የደረቀው ቀዩ ነው፤» አለች ሀያም። «ቀዩ የራሱ ሥር አልነበረውም። የእርሻ ጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ በራሱ ሥር አይቆምም፤ ሥሩ ደካማ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ሥር ያለው ሌላ ጽጌረዳ ይፈለግና ቀዩ እሱ ላይ ይጣመራል። እዚህ ጋ ነው የተጣመሩት፤ ይቺ ጉጥ ላይ። ከላይ ያለው ያብባል፤ ከታች ያለው ውሃ ይስባል፣ ይመግባል፣ ይሸከማል። ቀዩን ውርጭ ሲገድለው የታችኛው ግን ሕያው ነበር። ብቻውን ሲቀር የራሱን አወጣ።»

ብርነሽ ወደ ጉጡ ጎንበስ አለች። «እርሻው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«ከሞላ ጎደል።»

«እኔ... እስከዛሬ በእጄ ያለፈው ሁሉ?»

«አዎ እትዬ። ከእያንዳንዱ በታች አንድ እንዲህ ያለ አለ።»

ብርነሽ አጠገቧ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። በሐሳቧ ያንን አገር የሚያህል የላስቲክ ቤት አየች፤ ረድፍ በረድፍ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ከሥሩ ሁሉ፣ አፈር ውስጥ፣ ይሄ ጣራው ላይ ያለው አለ። ዝም ብሎ። ማንም ስሙን ሳይጠራው፣ አንድም ቀን ሳያብብ።

«ታዲያ ለምን አስቀድሞ አላበበም?» አለ ጃለታ።

«ትቆርጡት ነበር?»

«በየዓመቱ፤» አለች ብርነሽ።

«ይሄ የሚያብበው ያለፈው ዓመት እንጨቱ ላይ ነው። እርሻው ላይ ያለው ሲቆረጥ ያብባል፤ ይሄ ሲቆረጥ ይቀርበታል። ዘንድሮ አልቆረጣችሁትም።»

ብርነሽ የተሰበረ እጇን በግራ እጇ ይዛ ታሻሸው ጀመር።

«ስሙስ?» አለች ኡሙሀኒ። «ስም የለውም?»

«ኢንዲካ ከሚሉት ወገን ይመስለኛል። ጥንት ከቻይና የመጣ ዘር ነው ይባላል። ግን ፍሬውን ሳላይ አልምልም።» ሀያም አፈሩን መልሳ አለበሰችው። «አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ሲያጣምሩት የታችኛውን ዓይኑን፣ ማለቴ ቀንበጥ የሚወጣበትን ቦታ፣ አንድ በአንድ ያነሡበታል፤ የራሱን እንዳያበቅል። እዚህኛው ላይ አንድ ዓይን ሳይታይ ቀርቷል። ይሄ ሁሉ የወጣው ከሷ ነው።»

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ብርነሽ አንድ እቅፍ ሙሉ ይዛ ሰርቪሱ ወደሚቆምበት ወረደች። ሥራ አልተመለሰችም፤ ለማሳየት ብቻ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሻሽ ተከናንበው፣ መስኮት ተደግፈው እያንቀላፉ ነው። ድሮ አጠገቧ የምትቀመጠው ደራርቱ ዓይኗን ሳትገልጥ አፍንጫዋን አነሣች።

«ምንድን ነው እሱ?»

ብርነሽ አንዱን ሰጠቻት። ለኋለኛዋም ሰጠች። ቅርንጫፉ ከወንበር ወንበር እየተቀባበለ ሄደ። አንዷ ወሰደችና ሻሿን ገልጣ ፊቷን ቀበረችበት። ሹፌሩ ቶለሳ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር፤ አጠፋው።

«የት ገዛሽው?» አለች ደራርቱ።

«አልገዛሁትም። እኛ የምንቆርጠው አበባ ሁሉ የቆመበት ነው። ሥሩ። እግሩ።»

«ቀልድሽን ነው።»

«በማርያም። ሥሩ ይሄ ነው። ሲተዉት እንዲህ ያብባል።»

ደራርቱ አበባውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። «ከኛ እርሻ ነው የወጣው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከኛ እርሻ።»

ቶለሳ አንድ አበባ ለምኖ መስታወቱ ጋ ሰካው። በዚያ ቀን ሰርቪሱ ዘግይቶ ደረሰ።

ብርነሽ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እጇ ቀዝቃዛውን አዳራሽ ስላልቻለው፣ አለቆቿ ወደ ችግኝ ክፍል አዛወሯት። እዚያ ሙቀት አለ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ኃላፊ እርጥብ ጆንያ ውስጥ የታሰረ የአጫጭር እንጨት እስር ከፊቷ አኖረችላት። አረንጓዴ ነው፤ ቅጠል የለውም፤ ርዝመቱ ከጣት ብዙም አይበልጥም። ላየው ሰው ለማገዶ እንኳ የማይበቃ ቁርጥራጭ ነው።

«ዓይኑን በዚች ቢላ ታነሺለታለሽ፤ ከዚያ ወደሚያጣምሩት ሠራተኞች ይሄዳል፤» አለች ኃላፊዋ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድም እንዳይቀር።»

ብርነሽ አንዱን እንጨት አነሣችና በብርሃኑ በኩል አዞረችው። ከልጣጩ ላይ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ ያለች፣ ቀላ ያለች እብጠት አየች። ጣቷን በላይዋ አሳለፈች። ኡሙሀኒ ጣራ ላይ ያለው ሁሉ፣ ንቡም፣ ጠረኑም፣ ያ ሁሉ ከዚህች ውስጥ እንደሚወጣ አሰበች፤ አእምሮዋ ግን ሊይዘው አልቻለም። ከጎኗ ያሉት ሴቶች እየተጨዋወቱ ይሠራሉ። ፊት ለፊቷ ያለው ጆንያ ሙሉ ነው፤ ከኋላው ሌላ ጆንያ አለ።

«ምነው፣ እጅሽ አመመሽ?» አለቻት ኃላፊዋ።

«አይ፤ እያየሁ ነው፤» አለች ብርነሽ። እብጠቷን በአውራ ጣቷ እንደያዘች ቢላውን አነሣች።